ሰባተኛው ፊት

ዝምተኛው ሰውዬ ፎጣውን ከልጅቷ እጅ መንጭቆ ወሰደው።

ልጅቷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የያዘችው የልብስ ቅርጫት ከብረት አልጋው ጋር ተላተመ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ስምንት አልጋ አለ። በአሥራ ሰባቱ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ድምፃቸውን አጠፉ። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው የሳበም ነበር። ይሄ ሰውዬ ባለፈው ቅዳሜ ጺም በሚላጭበት ሰዓት ዘበኛውን ያደማ ሰው ነው። ዛሬ ከምሳ በፊት መኪና መጥቶ ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ይወስደዋል ተብሏል። "ሊሄድ ሲል አንድ ሰው ይዞ ሊሄድ ነው" ብላ አሰበች ልጅቷ። "ያ አንድ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።"

ሰውዬው ግን ዞሮም አላያት። ፎጣውን አንዴ አየር ላይ ሲያራግፈው "ጧ!" አለ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዶ ጫፉ ላይ የተቀመጡት ዓይነ ስውር ሽማግሌ አንገት ላይ ጠመጠመው።

"ማነው?" አሉ ሽማግሌው። ከንጋት እስከ ማታ ስለማይዘጉ በግቢው ውስጥ የሚጠሩት አባባ ሬዲዮ እየተባሉ ነው። "ማነው የሚያንቀኝ? መግደል ከሆነ ሐሳባችሁ ቁርሴን ልጨርስ። ዛሬ ሻዩ ስኳር አለው።"

"አባባ፣ ዝምተኛው ነው። እንዳይነቃነቁ!"

"ዝምተኛው? ታዲያ ምነው አላነቀኝ?"

እውነትም አላነቃቸውም። ልጅቷ ፍርሃቷን ረስታ ጠጋ አለች። ሰውዬው ሁለት ጣቱን በፎጣውና በአንገታቸው መሃል አስገብቶ ዙሪያውን አላላው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጠው። ከዚያ አገጫቸውን በአውራ ጣቱ ቀና አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ጉንጫቸው ላይ ያለውን ቀይ ሽፍታ ሲያይ ምላሱን "ጭ!" አደረገ። አራት ወር ሙሉ ከዚህ ሰውዬ አፍ የወጣ የመጀመሪያ ድምፅ ነበር።

ልጅቷ አንገቷን አዘመመች። ይሄን ሁለት ጣት የሆነ ቦታ አይታዋለች።

ቤቱ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ሲስተር የሚባሉት መነኩሲቶች መንገድ ላይ ወድቀው የሚያገኟቸውን አዛውንት አምጥተው የሚያጥቡበት፣ የሚያበሉበት፣ ሲሞቱም የሚቀብሩበት ቤት ነው። ዝምተኛውን ያገኙት አውቶቡስ ማቆሚያ ሥር ነበር። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ አንደበቱን እንደወሰደበት ነገራቸው። ስሙን የሚያውቅ የለም። መዝገቡ ላይ በስም ቦታ ጭረት ብቻ አለ።

ልጅቷ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። እናቷ መንታ ስትወልድ ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ እዚህ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባች። ሥራዋ አንሶላ ማጠብ ነው፤ ያልታዘዘችው ሥራዋ ደግሞ የሰውን ታሪክ መፈልፈል። ዘበኛው "ጋዜጠኛዋ" ይላታል። የዝምተኛው ነገር ከሁሉም በላይ እንቅልፍ ይነሳታል። አስተማሪ መስሏት ጠመኔ ብትሰጠው ቀመሰው። ሹፌር መስሏት የድስት ክዳን እንደ መሪ ብታስይዘው እንደ እብድ አያት። ልብስ ሰፊ ነው ብላ መርፌ ስታመጣለት የቤቱ ኃላፊ ሲስተር አይተው መርፌውንም እሷንም ከክፍሉ አስወጡ።

ሁለት ጣት። ፎጣ። አገጭ ወደ ብርሃን።

"የጸጉር ቤቱ!" ብላ ጮኸች።

"ምን ሆነሻል?" አሉ አባባ ሬዲዮ።

ትንሽ ወንድሟን በየወሩ ጸጉር ቤት ይዛ የምትሄደው እሷ ናት። አስተካካዩ ልጁን እንዳያንቀው ፎጣውን ልክ እንዲህ ያላላዋል። ዝምተኛው ጸጉር አስተካካይ ነበር! አንገቷን አስይዛ ትወራረዳለች፤ ነበር!

ከዚያ ግን ሌላ ጥያቄ መጣባት። ጸጉር አስተካካይ የሆነ ሰው መላጫ ሲያይ ለምን ሰው ይመታል?

ቅርጫቷን እዚያው ጥላ ወደ በሩ ሮጠች።

ዘበኛው በፋሻ የተጠቀለለች ጣቱን ቀና አድርጎ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ጣቱን ለገባ ለወጣው ሁሉ ማሳየት ከጀመረ ስድስተኛ ቀኑ ነው።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ዕለት የሆነውን ይንገሩኝ።"

"ስንቴ ልንገርሽ?"

"ያ ወሬ ነበር፤ አሁን ለምርመራ ነው።"

"አየሽ፣ ጋዜጠኝነቱ አልበቃ ብሏት ፖሊስ ሆነች!" አለ ዘበኛው፣ ለመንገር ግን አልዘገየም። "እንደ ሁልጊዜው ጺም እየላጨሁ ነው። እጄ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ቅቤ ነው። ስድስቱን ጨርሻለሁ። ሰባተኛው ሬዲዮ ናቸው፤ እያወሩ ስለሚላጩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አረፋውን ቀብቼ መላጫውን ገና ሳስጠጋ ያ ሰውዬ ከኋላዬ ዘሎ እጄን በቡጢ! መላጫው በረረ፣ ጣቴ ተተረተረች።"

"እሱን እየላጩት አልነበረም ማለት ነው?"

"እሱን ሦስተኛ ላይ ላጨሁት። ሌላ ጊዜ አልጋው ላይ እንደተኛ ነበር የምላጨው፤ ቅዳሜ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ እንደ በግ ተቀመጠ።"

ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። ሦስተኛ ላይ ዝም ያለ ሰው ሰባተኛው ላይ ለምን ይዘላል?

"ጋሼ፣ ምላጩን ስንት ጊዜ ቀየሩት?"

"የምን መቀየር?"

"ለስድስት ሰው፣ ለሰባት ሰው።"

"አንቺ ልጅ፣ ምላጭ ከሰማይ የሚወርድ መሰለሽ? ከቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን የተሰበሰበ አንድ ፓኮ ነው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይድረስ ተብሏል። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ምላጭ። አጥበዋለሁ እኮ! በውሃ ነከር አደርገውና…"

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም፤ ልጅቷ ፊት ለፊቱ ሳታስበው አፍንጫዋን ሸብሽባ ነበርና።

"ምነው?" አለ።

"አንድ ምላጭ ለአሥራ ስምንት ፊት?"

"እያወራሽ ያለሽው ስለ ድሃ ቤት ነው፤ ስለ ሆቴል አይደለም።"

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ዝምተኛውን የሚወስደው ነጭ የመንግሥት ቢሮ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ዘበኛው ተነስቶ ሲከፍት ልጅቷ በመኪናው አጠገብ አልፋ ወደ ውስጥ በረረች።

ሲስተሯ ከመኪናው ሹፌር ጋር ወደ ክፍሉ ሲገቡ ዝምተኛው መታጠቢያው ጋ ቆሞ የጺም ብሩሽ በሙቅ ውሃ ያጥባል። ልጅቷ ናት ብሩሹን ከዘበኛው ሣጥን አውጥታ እጁ ላይ ያኖረችለት። አሽትቶት ፊቱን ካጨማደደ በኋላ ወደ ቧንቧው የሄደው በራሱ ነው። አንዴ ሳሙና ይመታበታል፣ አንዴ ያለቀልቀዋል፤ ጸጉሩን በጣቱ እየለያየ እንደገና ይጀምራል።

"ማነው ይሄን ሣጥን የከፈተው?" አሉ ሲስተሯ። ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን ነው። የመጣላቸውን ፖስታ ገልብጠው ደብዳቤ የሚጽፉበት፣  የሳሙና ፍርፋሪ ሰብስበው አዲስ ሳሙና የሚያደርጉ ሴት ናቸው። እጃቸው ላይ ወረቀት አለ።

"እኔ ነኝ፣ ሲስተር። መላጫውን ግን አልነካሁም፤ ብሩሹን ብቻ ነው።"

"ልጄ፣ ዛሬ አይደለም። እባክሽ፣ ዛሬ አይደለም።" ድምፃቸው ደክሟል። "ይሄን ወረቀት ለመፈረም ሦስት ቀን ጸልያለሁ። እዚያ በሮቹ ከውጭ ነው የሚቆለፉት፤ እኔም አውቃለሁ። ግን አሥራ ሰባት ሌላ ሰው አለኝ። ስለት ባየ ቁጥር ሰው ላይ የሚዘል ሰው እዚህ ላቆይ አልችልም።"

"ሰውየው ላይ አይደለም የዘለለው፣ ሲስተር። ምላጩ ላይ ነው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለ ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ።

ዘበኛው ተከትሎ ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ልጅቷ ወደ እሱ ዞረች። "ጋሼ፣ ለሲስተር ይንገሯቸው። አንድ ቅዳሜ ስንት ምላጭ ነው?"

ዘበኛው ጣቱን ከኋላው ደበቃት። "አንድ።"

"ለስንት ሰው?"

"እንግዲህ ላለው ሁሉ ነዋ።"

ሲስተሯ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። "ለሁሉም? አንዱን ምላጭ?"

"እርስዎ ነዎት 'ይቆጠብ' ያሉኝ! 'እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልደረሰ ሌላ የለም' አላሉም?"

ሲስተሯ አጠገባቸው ያለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ከአንዱ ሽማግሌ ጉንጭ ወደ ሌላው ሄደ። ያ ቀይ ሽፍታ አባባ ሬዲዮ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ዘጠኝ አገጭ ላይ ነበር። ከሁለት ወር በላይ ጠዋትና ማታ ቅባት ሲቀቡት የከረሙት እሳቸው ናቸው። ሳሙናው ነው ብለው ሳሙና ቀይረዋል። ውሃው ነው ብለው ውሃ አስፈልተዋል።

"አባባ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያሳክክዎት?" አሉ።

"ፊቴ ነው?" አሉ አባባ ሬዲዮ፣ ፎጣው አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። "ቅዳሜ ቅዳሜ በደንብ ይነድና፣ ሐሙስ ላይ በረድ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ቅዳሜ ይመጣል። የቅዳሜ ቅጣት ነው የምለው። ነግሬያችሁ ነበር እኮ፤ ብዙ ስለማወራ ማንም አይሰማኝም።"

"ሰውየው ጸጉር አስተካካይ ነው፣ ሲስተር" አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ። "እሱን ሦስተኛ ላይ ሲላጩት ዝም አለ። ከዚያ ተቀምጦ ማየት ጀመረ። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ምላጩ አይቀየር! በሱቁ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅማ። አፍ ቢኖረው 'ተው!' ይል ነበር። አፍ ስለሌለው ነው በእጁ የተናገረው።"

"ይሄን ሁሉ ነገረሽ?" አለ ሹፌሩ።

"ፎጣ ሲያስር አየሁት።"

"በፎጣ!" ሹፌሩ ወደ ሲስተሯ ዞረ። "ሲስተር፣ የቢሮ መኪና ነው የያዝኩት። ይፈርሙልኝና ልሂድ፤ ወይም አይፈርሙና ልሂድ።"

ሲስተሯ ተነሱ። ወረቀቱን አልፈረሙም፣ አልቀደዱምም፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ወገባቸው ላይ ካለው የቁልፍ ዘለላ አንዷን መርጠው ቁም ሣጥኑን ከፈቱና ከሙሉ ፓኮው አንድ ምላጭ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ አወጡ።

"ፎጣ ማሰር ሌላ፣ ስለት መያዝ ሌላ ነው" አሉ። "ማየት አለብኝ። እዚሁ፣ በዓይኔ ፊት። ደህና ከሆነ ይቀመጣል፤ ካልሆነ እፈርማለሁ። ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም እንኳን እፈርማለሁ።"

ምላጩን ዘረጉለት። ዝምተኛው መጀመሪያ እጆቹን ታጠበ፣ አደረቀ። ከዚያ ተቀበለ። ወረቀቱን በጥፍሩ ቀደደ፣ መላጫውን ከሣጥኑ አውጥቶ ፈታ፣ አሮጌውን ምላጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው። አዲሱን አስገብቶ አጠበቀ። መላጫውን ሲይዝ ስለቱን ወደ ራሱ አዙሮ ነበር። ልጅቷ ይሄን ሲስተር እንዲያዩት በክንዷ ነካ ልታደርጋቸው አስባ ተወችው፤ እያዩት ነው።

አባባ ሬዲዮ አገጫቸውን ወደ ላይ ሰጡ። "በሉ እንግዲህ፣ እኔ እንደሆንኩ ቀድሜ ታስሬያለሁ።"

ሰውዬው ግን ሽፍታውን በእጁ ጀርባ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። ፎጣውን ከአንገታቸው ፈታ። በቆሰለ ቆዳ ላይ አይሠራም።

ባዶ ወንበር ወደ መስኮቱ ጎትቶ ቆመ። ፎጣው ክንዱ ላይ፣ መላጫው እጁ ውስጥ። ጠበቀ።

ሽፍታ የሌለባቸው ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንዱ ማንኮራፋት ጀመረ። ሹፌሩ ገና ጠዋት የተላጨ ጉንጩን ዳሰሰ።

"ማንም የለም?" አሉ ሲስተሯ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ።

"ጺም ቢኖረኝ እኔ እቀመጥ ነበር!" አለች ልጅቷ። ዓይኗ ክፍሉን ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ በሩ ጋ አረፈ።

ዘበኛው የአምስት ቀን ጺም አለበት።

"ምን ታዪኛለሽ?" አለ። "እኔን? ልጆቼን የሚያሳድግልኝ ማነው?"

"ጋሼ።"

"ጣቴን ተርትሮታል እኮ! አሁን ደግሞ አንገቴን ልስጠው?"

"ቅዳሜ ስድስት ሰው አንገቱን ሰጥቶዎት ነበር" አለች ልጅቷ በቀስታ። "እሱም አንዱ ነው።"

ዘበኛው ሲስተሯን አየ፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ባርኔጣውን አውልቆ ለልጅቷ ወረወረላትና እንደ ተቀጣ ልጅ እግሩን እየጎተተ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

"ጆሮዬን አደራ" አለ። "ሁለት ብቻ ነው ያለኝ።"

ፎጣው ተጠመጠመ። ሁለት ጣት ገብቶ አላላው። አረፋው ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው በክብ በክብ ተቀባ፤ ዘበኛው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ግን አፍጥጦ መላጫውን ይከተላል።

ዝምተኛው መላጫውን ከጉንጩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ይዞ ቆመ። አልቸኮለም። ሌላው እጁን የዘበኛው ግንባር ላይ አሳረፈ።

ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው ዓይኑን ጨፈነ።