አድማሴና ድሬሰሩ

የኮሶዬው አድማሴ ለሰው ደግ፣ ለከብት አዛኝ ገበሬ ነበር። በሚስቱ ከመጡበት ግን ያ ሁሉ ደግነት ገደል ይገባል። ይመኙሽ ከገበያ ብትዘገይ ኩርፊያ፣ ለቄሱ ፈገግ ብትል ኩርፊያ ነው።

በሰባት ወር እርግዝናዋ ፊቷ አብጦ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ደጅ እስክትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰዳት። ወጣቱ ድሬሰር ፋንታሁን ሽንቷን መረመረ፤ የዓይኗንም ሽፋን በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ።

«ኩላሊቷ ከታመመ ቆይቷል፤ በዚያ ላይ እርግዝና ሲጨመር ደሟ አልቋል። ይህን የብረት ክኒን ትዋጥ፤ ሲያልቅ መልሰህ አምጣት» አለው።

አድማሴ አንዱንም አልሰማም። ያየው ያንን አውራ ጣት ብቻ ነው። ደም በዓይን ነው እንዴ የሚፈለገው? ይባስ ብላ ይመኙሽ በመንገድ ላይ «ሸጋ ልጅ ነው፤ እጁም ለስላሳ» ስትል አንጀቱ አረረ። ክኒኑ ሲያልቅ «ሁለተኛ እዚያ ደጅ አትረግጪም!» ብሎ ከለከላት።

ሰንበት ብሎ ይመኙሽ ቀትር ቀትር ላይ ከቤት መጥፋት ጀመረች። አድማሴ ቅናት አንጨረጨረው። አንድ ቀን በሬዎቹን ሳይፈታ ዱላውን ጨብጦ ተከተላት። ከበረቱ ጀርባ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ከጭቃው ግድግዳ አፈር እየፈረፈረች ትበላለች።

«አፈር ነው?» አለና በደስታ ሳቀ። ይህ ሞኝ! ወንድ አለመኖሩን እንጂ የሚስቱን መገርጣት መች አየ።

«ምነው ትስቃለህ? ያምረኛል፣ ምን ላድርግ» ብላ ልትነሳ ስትል ራሷን ስታ እግሩ ሥር ተዘረረች።

ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ከመንገድ አደረሳት፤ በጭነት መኪና ጎንደር ገቡ። ዶክተሩ ደም ካልተሰጣት እሷም ፅንሱም እንደማይተርፉ ተናገረ። አድማሴ ቀድሞ ክንዱን ዘረጋ። ተመረመረ፤ አልገጠመም። አብሯቸው የመጣው የወንድሟም ደም አልገጠመም። በመጨረሻ ፋንታሁን እጅጌውን እየሰበሰበ ቀረበ።

«የእኔ ይስማማታል፣ አያ አድማሴ። ፍቀድልኝ።»

የሌላ ወንድ ደም በይመኙሽ ገላ ሊዘዋወር! ያውም የዚህ ባለ ለስላሳ እጅ! ወደ ሚስቱ ዞረ። ትንፋሿ መኖሩን ለማወቅ ጎንበስ ማለት ነበረበት።

«ስጣት!» አለ እንባው እየወረደ። «ስጣት እንጂ! ከሞተችብኝ በማን ልቀና ነው?»