የኦዴት የብረት ሣጥን

የመጀመሪያው የሠርግ አዘጋጅ ከእህቴ ቤት የወጣው ግንባሩ ተፈንክቶ ነው። ጋሳን ይባላል፤ ከቤይሩት እኛ ወዳለንበት ወደ በቃዕ ሸለቆ ነጭ ጫማ አድርጎ የመጣ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ ሽቶው ሳሎን የሚገባ ሰው ነበር። እህቴ ኢም ሃዲ ወይንና ኮክ ከፊቱ አቅርባ በትሕትና ታዳምጠው ነበር። እሱም ላፕቶፑን ከፍቶ ቆጵሮስ ውስጥ ሊማሶል ባሕር ዳር ያዘጋጀውን ሠርግ ያሳያት ጀመር። ሙሽሮቹ ሲሳሳሙ ርችት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። የላፕቶፑ ድምፅ እስከ ጥግ ተከፍቶ ኖሮ ፍንዳታው ክፍሉን ሞላው። እህቴ የወይኑን የመስተዋት ሳሕን አንስታ ፊቱ ላይ አሳረፈችው።

ወደ መድኃኒት ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ደሙ ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ መንገዱን ሙሉ "እብዶች ናችሁ" ይለኝ ነበር። አልተቆጣሁትም። በኛ አገር ሰው በትንሹም በትልቁም ተኩሶ ደስታውን እንደሚገልጽ የቤይሩት ሰው ያውቃል፤ ሃዲን ግን አያውቀውም።

ሃዲ የእህቴ አንድ ወንድ ልጅ ነበር፤ ኢም ሃዲ ማለትም የሃዲ እናት ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ዘመዱ ሠርግ ላይ የዳብኬ ጭፈራውን ከፊት ሆኖ ሲመራ፣ መሐረቡን እያወዛወዘ በድንገት ወደቀ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እኔ ራሴ በእግሬ ነካ አድርጌ "ተነስ አንተ ሰነፍ" ብዬዋለሁ። ከሰማይ የተመለሰች ጥይት በአንገቱ ሥር ገብታ ቁልቁል ወርዳ ነበር።

በዚያን ቀን ሁለት መቶ ወንድ ተኩሷል። ሁለት መቶ ሰው ሲተኩስ ገዳይ የለም። ገዳይ ከሌለ ደግሞ ደም መፈለግ የለም፣ ሽምግልና የለም፣ እርቅ የለም። እያንዳንዱ ወንድ ወደ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ "የኔ አይደለችም" አለ። እኔም ብያለሁ። ሚስት የለኝም እንጂ ለግድግዳው ነግሬዋለሁ። እህቴ ማንንም ጠይቃ አታውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን በር ሲጋጭ እንኳ ትጮኽ ነበር።

ስለዚህ ሴት ልጇን ጁማናን ረቢዕ የሚባል የጎረቤት መንደር ልጅ ሲያጫት፣ ጁማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። በሠርጌ አንዲት ጥይት አትተኮስም አለች። እናቷ ከዚህ ብሳ፣ አንዲት ጥይት ከሰማሁ ልጅ የለኝም ብላ በሃዲ መቃብር ማለች። እህቴን አውቃታለሁ፤ ያለችውን ታደርጋለች። እኔ ነኝ እንግዲህ ቆጵሮስን ያመጣሁት። አርባ ደቂቃ በረራ ነው፣ ሽጉጥ ይዞ አውሮፕላን የሚገባ የለም። ስሜ ነዚህ ቢሆንም ሁሉም በቅጽል ስሜ "ብልህ ነህ አቡ ሰኽር" አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። የጁማና አባት ቀድሞ ስለሞተ አዘጋጅ የመምረጡ ሥራ የኔ የአጎትየው ሆነ።

ጋሳን ከተፈነከተ በኋላ እዚያው ሸለቆ ዛሕሌ ከተማ ወዳለች ኦዴት የምትባል ሌላ ሠርግ አዘጋጅ ሄድኩ። ሃምሳውን ያለፈች፣ ሲጋራዋን ከአፏ የማታወጣ፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት ናት። የሃዲን ነገር ስነግራት አዳመጠችኝ እንጂ ስለ አበባም ስለ ኬክም አላነሳችብኝም። ሙሽራዋ ከየት ነው የምትወጣው ብላ ጠየቀችኝ። ከእናቷ ቤት ነዋ፣ ከየት ልትወጣ ኖሯል አልኳት።

"እንግዲያው ሠርጉ የሚጀምረው ቆጵሮስ አይደለም፤ እናቷ በር ላይ ነው" አለች። "የሙሽራው ወገን መኪናውን ደርድሮ ይመጣል፣ እሷ ደፉን ስትሻገር የሁሉም እጅ ወደ ሽጉጡ ይሄዳል። በሩን ማነው የሚጠብቀው?"

ይህን የማያውቅ የበቃዕ ሰው የለም። ሙሽራ ደፍ ስትሻገር ነው ተኩሱ የሚነሳው። ግን ሁላችንም ዓይናችን ባሕሩ ማዶ ነበር። ለሁሉም ነግሬ ቃል አስገባቸዋለሁ አልኳት። ኦዴት በጣቷ ወደ ጥግ አመለከተች። እዚያ መሬት ላይ የድሮ የባቡር ሠራተኞች የሚይዙት ዓይነት ትልቅ የብረት ሣጥን ተቀምጧል።

"ቃል እኔ አልሰበስብም፤ ሽጉጥ ነው የምሰበስበው" አለች። "ከሁለት ቀን በፊት እመጣለሁ። ወንድ ሁሉ እዚህ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ይሆናል። ከእርስዎ ነው የምጀምረው። አሁንም ወገብዎ ላይ አለች።"

ሳቅሁባት። አንዲት ሴት በበቃዕ ወንዶች መሐል ሣጥን ተሸክማ ስትዞር ታየኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሲጋራዋን አጥፍታ በቀስታ ጠየቀችኝ፦ "ልጁ የሞተ ቀን እርስዎ ተኩሰዋል?"

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። "አንቺ ሴትዮ!" ብዬ ጠረጴዛውን በጡጫዬ መታሁት። መስተዋት ነበር። ተሰንጥቆ ተበታተነ፣ መዳፌ እስከ አጥንቱ ተቀደደ። ደሜ ወረቀቷ ላይ ፈሰሰ። ኦዴት ከወንበሯ ተነስታ የአንገት ልብሷን ፈታችና እጄን አጥብቃ አሰረችው። አልተቆጣችም፤ ይህ ነው ያቃጠለኝ። ወደ በሩ ስሄድ "ሽጉጥህን ይዘህ ና፣ ያን ጊዜ እመጣለሁ" አለችኝ። እርስዎ ማለቱን ትታ ነበር።

ቤት ስደርስ ጁማና የታሰረ እጄን አይታ ደነገጠች። የመኪና ብረት ነው የቆረጠኝ አልኳት። የዛሕሌዋስ ስትለኝ፣ ያን ሳምንት ሌላ ሠርግ አለባት፣ ቀኗ ሞልቷል አልኩ። ውሸት ሲቀለኝ ያን ቀን አየሁት።

ሦስተኛዋ አንድሩላ ናት፤ ቆጵሮሳዊት፣ በስልክ ምስል ያነጋገረችን። ፀጉሯ የተስተካከለ፣ ድምጿ ለስላሳ፣ የምትናገረውን ሁሉ ቀድማ የምታውቅ። ስለ መሣሪያ ስጠይቃት ፈገግ ብላ፣ እኛ ሆቴል የኬክ ቢላዋ እንኳ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ነው የሚገባው አለች። እህቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። "እሷን ነው የምፈልገው" አለችኝ እጄን ይዛ። ጁማና ብቻ ከኋላችን ቆማ፣ ከዚህ እስከ አውሮፕላን ማረፊያውስ ማን ነው የሚያዘጋጀው ብላ ጠየቀች።

"እኔ ምን ልሠራ ነው አጎትሽ የሆንኩት?" አልኳት። "ያንን ለኔ ተዪው።"

በሁለቱም መንደር ቤት ለቤት ዞሬ ቃል አስገባሁ። ሽማግሌዎቹ ፂማቸውን ይዘው ማሉልኝ፣ ወጣቶቹ ደረታቸውን መቱልኝ። ማንም ላይ እጄን ዘርግቼ አምጣ አላልኩም። ወንድን ሽጉጥህን ስጠኝ ማለት ሱሪህን አውልቅ ማለት ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። የራሴንም ወገቤ ላይ ተውኳት። የሚተኩስ ቢገኝ የሚያስፈራራው ያስፈልጋል አልኩ ለራሴ።

ጁማና ከቤት በምትወጣበት ቀን ረፋድ ላይ የረቢዕ ወገኖች በአርባ መኪና መጡ። ከበሮው ይመታል፣ የዙርናው መለከት ያለቅሳል፣ ጠባቡ መንገድ በሰው ጢም ብሏል። እህቴ ለጉዞው የምንይዘውን ሻንጣ ልታይ ወደ ውስጥ ገብታለች። ጁማና በነጭ ልብሷ በሩ ላይ ብቅ አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እግሯ ደፉን ተሻገረ። ያን ጊዜ ከመንገዱ ጫፍ አንድ ጥይት ጮኸ።

ዓቲፍ ነው፤ የረቢዕ የአጎት ልጅ። ሳይታወቀው ነው አሉ በኋላ፤ እጁ በልማድ ሄዶ። ያን ጊዜ ግን አልጠየቅሁትም። ሰዉን እየገፈተርኩ ሮጬ ደረስኩበትና ሽጉጤን መዝዤ በእጀታው ፊቱን መታሁት። አፍንጫው ሲሰበር ሰማሁት። ወደቀ፣ ላዩ ላይ ሆኜ ደግሜ መታሁት፤ ሦስተኛም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ለሁለት ዓመት ልመታው የፈለግሁት ሰው በመጨረሻ ፊት ያገኘ መሰለኝ።

ወንድሞቹ ከኋላ መጡብኝ። እየጎተቱ እስከ እህቴ ቤት ግድግዳ ድረስ ወሰዱኝ፣ በጀርባዬ ጣሉኝ። አንዱ ደረቴ ላይ ተቀመጠ፣ አንዱ ጉሮሮዬን ያዘ፣ ጫማ ጎድኔ ላይ ይወርዳል። ትንፋሼ ሲቆረጥ ቀኝ እጄን ወደ ላይ አወጣሁ። ላስበረግጋቸው ነው ያሰብኩት። ምላጩን ሳብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ።

እጆቹ ከጉሮሮዬ ለቀቁ። በጀርባዬ እንደተኛሁ ወደ ላይ ሳይ የእህቴ ሰገነት ከራሴ በላይ ነበር። የመጀመሪያውን ጥይት ሰምታ ማን ነው ብላ ልታይ ወጥታ ነበር። የብረቱን አጥር በሁለት እጇ ይዛ ቁልቁል አየችኝ። ከዚያ ቀሚሷ ደረቱ ላይ ቀላ፣ ጉልበቷም ከዳት።

ረቢዕ ነድቶ ወደ በዓልቤክ ሆስፒታል ወሰደን። የእህቴ ራስ ጭኔ ላይ ነበር። ጁማና የሙሽርነት ዓይነ ርግቧን ጠቅልላ ቁስሉን ትጫን ነበር፤ ደሙ በጣቶቿ መሐል ይወጣል፣ ነጩ ልብስ እስከ ወገቧ ጠጥቶታል። እህቴ ዓይኗን ከፈተች። የሁለት ዓመቱን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቀችኝ።

"ነዚህ፣ የሃዲውስ? እሱም ያንተ ነበር?"

ለግድግዳው ያልኩት አልመጣልኝም። "አላውቅም እህቴ" አልኳት። "ሊሆን ይችላል።"

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ያ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ከተማው ሳንገባ አረፈች።

ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ደም ፈስሷልና ሥርዓቱ መጀመር ነበረበት። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ደሟን የሚፈልግ ማነው ብሎ ጠየቀ። ባል የላትም። ልጇ ሃዲ የለም። አባታችን የለም። በኛ ሥርዓት የሚቀረው ወንድሟ ነው፤ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ይህ ሲገባው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። የኔም እጅ ሳላዘው ወደ ወገቤ፣ ወደ ሽጉጤ ሄደ።

"አጎቴ፣ አትንካው" አለች ጁማና። በደሙ ልብስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምጿ የናቷ ድምፅ ሆኖ ሰማሁት። "አንድ ነገር ንገረኝ። ያቺ የዛሕሌዋ ሴትዮ እውነት ቀኗ ሞልቶ ነበር?"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ሣጥኑን፣ ጥያቄዋን፣ የሰበርኩትን ጠረጴዛ። ታጠቃኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብታደርገው እጇን እስም ነበር። እሷ ግን እጇን ዘርግታ "የሴትዮዋን ስልክ ቁጥር ስጠኝ" አለች።

በኛ አገር ለሟችም ይተኮሳል። ሬሳው ከቤት ሲወጣ ያለው ተኩስ ከሠርግ ይብሳል። በማግስቱ ጧት ኦዴት ጥቁር ለብሳ እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሣጥኑ ክዳኑ ተከፍቶ እግሯ ሥር ነው። ጁማና አጠገቧ ናት። ወንዶቹ መንገዱን ሞልተው ያጉረመርማሉ፣ አንዱም ወደፊት አይልም። መንገዱ ጫፍ ላይ ወታደሮች እኔን ይጠብቃሉ፤ እህቴን ልቅበር ብዬ ለምኜ ፈቅደውልኛል።

ከሰዉ መሐል ወጥቼ ሄድኩ። ሽጉጤን አውጥቼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ባዶ ነበርና ብረቱ ጮኸ። ልመለስ ስል ኦዴት ክንዴን ያዘችኝ።

"ጥያቄዬን አልመለስክልኝም" አለች።

"ተኩሻለሁ" አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ሃዲ የሞተ ቀን ሁለት ካዝና ጥይት ተኩሻለሁ።"

ከኋላዬ ጫማ ሰማሁ። ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለው ዓቲፍ ነው፤ ሃዲ በሞተበት ሠርግ እሱም እንግዳ ሆኖ መጥቶ ነበር። ሽጉጡን አስቀመጠና ጁማናን እያየ "አንድ ካዝና" አለ። ከሱ ቀጥሎ ሽማግሌው መጣ፤ "አምስት ጥይት።" ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሰልፉ እስከ መንገዱ ጫፍ ደረሰ። ጁማና የመጨረሻው ሰው እስኪናገር ድረስ አልተቀመጠችም። ከዚያ እናቷን በዚያው በር አወጣናት፤ ከእግራችን ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።