ሳይጠይቅ የነካ እጅ

ሄሊኮፕተሯ የወደቀችው በጥር ወር ሁለተኛው እሁድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ከካዛኪስታኗ ካራጋንዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው፣ ውሃው እንደ ድንጋይ በጠጠረው የግድብ ሐይቅ ላይ በዚያ ሰዓት አራት ሰዎች ቆመው ነበር፦ የትንንሽ ሄሊኮፕተር አብራሪዎች ክበብ ሽማግሌ ኬንጄባይ፣ የአውቶቡስ ሹፌሯ አይማን፣ ስልክ ጠጋኙ ጌናዲ፣ እና ሪሞቱን ይዞ ሽቅብ የሚያየው ኦራዝ።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር። ኦራዝ እጆቹን ከነሪሞቱ ከላይ የላስቲክ መስኮት ባለው የበግ ቆዳ ከረጢት ውስጥ ከቷል። ቁመቷ ክንድ ተኩል የምትሆነው ሄሊኮፕተር ሁለት ጊዜ ተገልብጣ በጀርባዋ በረረች፤ ኬንጄባይ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል ጭራዋ አልታዘዝ አለ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ እንደ እንዝርት መሾር ጀመረች።

“ሞተሩን ዝጋ! ዝጋው አንተ!” ኬንጄባይ ጮኹ።

ዘጋው። ሄሊኮፕተሯ እየዞረች ወርዳ በረዶው ላይ ተከሰከሰች። ከክንፎቿ አንዱ ተሰብሮ ተንሸራቶ ሄደና በረዶውን ቀዶ የተቀመጠ አንድ ዓሣ አጥማጅ እግር ሥር ቆመ።

“ኧረ ዓሣዎቼን አስደነገጣችሁ!” አለ ዓሣ አጥማጁ።

የሳቀ የለም። ኦራዝ ፊቱን አዙሮ ያየው የወደቀችውን ማሽን አልነበረም፤ ጌናዲን ነበር። ጌናዲ ደግሞ አቀርቅሮ የቦት ጫማውን ጫፍ ያያል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስታና ላይ ለሚደረገው የክረምት ውድድር ከእነሱ ክበብ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። የዛሬው በረራ ያንን ሰው ለመለየት ነበር። አይማን ጀማሪ ናት፤ ኬንጄባይ ዓይናቸው ደክሟል። የቀሩት ኦራዝና ጌናዲ ናቸው። ጌናዲ ጠዋት በርሮ ጨርሷል። ኦራዝ በሚሠራበት የባቡር ጥገና ብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁራጭ በቁራጭ የሠራትን ማሽን ይዞ ተራውን ሲጠብቅ ነበር።

ተንበርክኮ ስብርባሪውን ሰበሰበ። ጭራዋ ከሥሯ ተገንጥላለች። የጭራዋን ትንንሽ ክንፎች የሚያዞረውን ቀለበት ጓንቱን አውልቆ በጣቱ ገፋው። ንቅንቅ አላለም። አስጠግቶ ሲያየው ቀለበቱና ዘንጉ በሚገናኙበት ቦታ አንድ የሚያብረቀርቅ፣ መስታወት የመሰለ ጠብታ ተጣብቋል።

ሙጫ።

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በዚህ ብርድ አየሩ ደረቅ ነው፤ ደጅ የዋለ ማሽን ላይ እርጥበት የሚባል ነገር ዝር አይልም። እንዲህ ያለውን፣ ጠብ ብሎ ወዲያው የሚደርቀውን ሙጫ ኦራዝ ጌናዲ ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ አይቶታል። ስልክ የሚያጣብቀው በእሱ ነው።

ሌላም ያየው ነገር ነበር። ከበረራው በፊት ማሽኗን በረዶው ላይ በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ የረሳውን የሪሞት ከረጢት ሊያመጣ ዳር ወዳለችው የክበቡ ጎጆ ተመልሶ ነበር። በጎጆዋ መስኮት ሲያይ ጌናዲ ማሽኗ ላይ ጎንበስ ብሏል። እጁ ጭራዋ ላይ ነበር። ኦራዝ ሲወጣ ቀና አለና፣ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረው።

“ዛሬ ባታስነሳት ይሻልሃል። ጭራዋ...”

ኦራዝ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። ያን ጊዜ ሊያስደነግጠኝ ነው ብሎ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሰው ያበላሸውን ነገር ያውቀዋል።

“ኬንጄባይ አጋ፣” አለ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌውን በአክብሮት ጠርቶ፣ “ማሽኔን የነካ ሰው አለ።”

ሽማግሌው ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። “ሳይጠይቅ?”

“ሳይጠይቅ።”

“ወደ ጎጆው እንግባ” አሉ።

ኦራዝ ጭራዋን ወደ ጎጆዋ አልወሰዳትም። ማስረጃ ናት፤ ሰው እጅ ትገባለች ብሎ ፈራ። ጠዋት ከመጣ ጀምሮ ሞተሩ ያልጠፋው መኪናው ጋ ሄዶ ከመሪው ፊት ለፊት አስቀመጣትና በሩን ቆለፈ። በዚህ ብርድ ሞተሩን ያጠፋ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው በእግሩ ነው።

ጎጆዋ ከአሮጌ የባቡር ፉርጎ የተቆረጠች ናት። መሃሏ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ቀኑን ሙሉ እየፈላ የሚውል ማንቆርቆሪያ አለ። በሯ ላይ በቀይ ቀለም “ሰው ይግባ፣ ማሽን ደጅ ይቆይ” ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ የኦራዝ የራሱ የእጅ ሥራ ነው። ባትሪ ደግሞ ደጅም አይቆይ፣ ምድጃም አይጠጋ፤ ሁሉም ባትሪውን ጉያው ውስጥ፣ ከሸሚዙ ሥር ይዞ ነው የሚውለው። ከዚህ ሌላ ክበቡ አንድ ሕግ አለው። የሌላውን ማሽን የሚነካ ሰው “ልንካ?” ብሎ መጠየቅ፣ ባለቤቱም “ንካ” ማለት አለበት። ሳይጠይቅ የነካ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ በረዶው ላይ አይቆምም። ባለቤቱ “ፈቅጄለት ነበር” ካለ ብቻ ነገሩ ይዘጋል። ኬንጄባይ ይህን ሕግ ያመጡት ሠላሳ ዓመት የእውነተኛ ሄሊኮፕተር መካኒክ ሆነው ከሠሩበት ቦታ ነው።

አይማን ወተት የገባበት ሻይ ቀዳች፤ ከቤቷ ያመጣችውን ባውርሳክ የሚባል በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ሊጥ በሳህን አቀረበች።

“መጀመሪያ ይቅመሱ ኦራዝ አጋ” አለች። “የተቆጣ ሰው ሆዱ ባዶ ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው የሚቆጣው።”

“አልፈልግም።”

“እኔ እፈልጋለሁ” አለ ጌናዲና ሁለት አነሳ።

“ብላ፣ ብላ” አለ ኦራዝ። “አስታና ድረስ ስንቅ ያስፈልግሃል።”

“ተናገር እንግዲህ” አሉ ኬንጄባይ፣ ጥግ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ደብተር እያወረዱ። “ማነው የነካው?”

“እሱ ራሱ ይናገር። በመስኮት አይቼዋለሁ።”

ሁሉም ወደ ጌናዲ ዞሩ። ጌናዲ የአፉን እስኪውጥ ጊዜ ወሰደ። ረጅም ነው፤ ጎጆዋ ውስጥ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚቀመጠው።

“ነክቻለሁ” አለ።

አይማን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

“ለምን?” አሉ ሽማግሌው።

“ጭራዋ ላይ ነጭ ውርጭ አየሁ። በጓንቴ ጠረግሁት። ልነግረው ስል ጀርባውን ሰጠኝ። ምን ላድርግ፣ እየተከተልኩ ልለምነው?”

“ውርጭ!” ኦራዝ ጭኑን መታ። “በደረቅ ብርድ ደጅ የቆመ ማሽን ላይ ውርጭ ከየት መጣ? ለሕፃን ንገረው! ሙጫ ነው ያደረግህበት። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቀለበቱ ላይ ተጣብቋል።”

“ሙጫ?” ጌናዲ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። “ሙጫ ይዤ ቢሆን ማሽንህን አልነበረም የማጣብቀው። አፍህን ነበር።”

“አንተ ነህ ስለ አፍ የምታወራው?”

ኬንጄባይ ጠረጴዛውን በእርሳሳቸው ቆረቆሩ። ይህ የሰርጉ ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በጥቅምት የኦራዝ ልጅ ስትዳር፣ እንደ ወጉ ማይክሮፎኑ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ሙሽሮቹ ሲመረቁ፣ ጌናዲ ተራው ደርሶት “ኦራዝ ልጁን በርካሽ ነው የዳራት፤ ለልጁ የሚሰጠውን ሁሉ ሄሊኮፕተሯ ወስዳዋለች” አለ። አማቾቹ ተሳሳቁ። የኦራዝ ሚስት ዛውሬሽ ግን ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሃያ ዓመት አብረው የበረሩት ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የላቸውም።

“ሰርጉን ተዉት” አሉ ኬንጄባይ። “ሙጫ ከሆነ ነገሩ የአንድ ክረምት ቅጣት አይደለም። ጌናዲ ከዚህ በር ወጥቶ አይመለስም፤ ለሌሎቹም ክበቦች ስሙን እጽፋለሁ። አንተም ኦራዝ፣ ካልሆነ ምን እንዳልክ አስብ። ጭራዋ የታለች?”

“መኪና ውስጥ።”

“አምጣት።”

ኦራዝ ወጣ። ብርዱ አፍንጫው ውስጥ ያለውን ፀጉር ሳይቀር አደረቀው። እየተራመደ በልቡ የሚናገረውን ያዘጋጅ ነበር፦ “ይኸው፣ እዩት፣ በገዛ እጃችሁ ግፉት” ሊል ነው። ጌናዲ አስታና አይሄድም። ማሽኗም ብትሰበር ዋና አካሏ ደህና ነው፤ ክንፍና ጭራ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። የሚሄደው እሱ ነው።

የመኪናውን በር ከፍቶ ገባ። ማሞቂያው ከመስታወቱ ሥር ትኩስ አየር ይተፋል። ጭራዋን አነሳት። እጁ ረጠበ።

ጠብታው የለም። ጭራዋ ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ላይ ሳንቲም የምታክል ውሃ ተኝታለች። ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው፤ ቅቤ እንደተቀባ ሄደ። መለሰው። ተመለሰ።

ጣቱን ምላሱ ላይ አደረገ። ውሃ ነው።

ደረቅ ብርድ ውስጥ ደጅ የዋለ ማሽን ላይ ውሃ አይወጣም። ደጅ የዋለ...

ኦራዝ ዓይኑን ጨፈነ። ጠዋት፣ ሌሎቹ በረዶው ላይ የማረፊያውን መስመር ሲያሰምሩ፣ እሱ ጎጆዋ በር ላይ ብቻውን ነበር። ኬንጄባይ ቁጥር የሌለው ማሽን አይበርም ስላሉ ሰባት ቁጥርን ሊለጥፍባት ሲል ወረቀቱ በብርዱ ምክንያት አልይዝ አለው። ማንም እንደማያየው ዙሪያውን ቃኘ። ማሽኗን ይዞ ገባና ከማንቆርቆሪያው እንፋሎት አጠገብ ይዟት ቁጥሩን ለጠፈ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አኖራት። ሲያስነሳት ጭራዋ ትንሽ ዘግየት ማለቷን አስተውሎ ነበር፤ ብርዱ ነው ብሎ አለፈው። እንፋሎቱ ላብ ሆኖ ቀለበቱ ውስጥ ገብቷል፤ ላቡ አየር ላይ በረዶ ሆኗል። ጌናዲ የጠረገው ከላይ የሚታየውን ውርጭ ብቻ ነው።

በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ የጻፈው ማን ነው? እሱ።

ተቀመጠ። ማሞቂያው ይነፋል። ማንም አላየውም። ውሃውን በእጅጌው ቢጠርገው፣ ስለ እንፋሎቱም ባይናገር፣ ጌናዲ እንደሆነ መንካቱን በገዛ አፉ አምኗል። የክበቡ ሕግ ብቻውን ጌናዲን ያስቀረዋል። ኦራዝ ምንም መዋሸት አይጠበቅበትም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። በልጁ ሰርግ ላይ የሳቁት አማቾቹ በዓይነ ሕሊናው መጡ። ከዚያ ዛውሬሽ መጣች። ከዚያ ደግሞ ጌናዲ፣ ጓንቱን ጭራዋ ላይ እንዳደረገ፣ ጎንበስ ብሎ።

ሲመለስ ሻዩ ቀዝቅዞ ጠበቀው። ጭራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“ግፋው” አለው ጌናዲን።

“ሕጉን አልረሳሁም” አለ ጌናዲ። “ልንካ?”

“ንካ።”

ጌናዲ ቀለበቱን ገፋው። ሄደ፤ መጣ። ግንባሩን ቋጠረ። “ሙጫው የታለ?”

“ሙጫ አይደለም። ውሃ ነው።” ኦራዝ ወደ ማንቆርቆሪያው ጠቆመ። “ቁጥሩን ልለጥፍ ብዬ ጠዋት እዚህ አስገብቻታለሁ። እንፋሎቱ አጠገብ።”

አይማን ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ኦራዝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ በሩ አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው።

“አንተ?” አሉ ኬንጄባይ።

“እኔ።”

“ስንት ዓመት ነው የበረርከው?”

“ሃያ ሁለት።”

“እኔ ስህተቴን እንዲህ ብናገር ኖሮ ገና ድሮ ጡረታ ያስወጡኝ ነበር” አሉ ሽማግሌው። እርሳሳቸውን በምላሳቸው አርጥበው ደብተሩን ገለጡ። “በረራው ተበላሽቷል፤ በራስህ ጥፋት። እሺ። አንድ ነገር ይቀራል። እሱ ሳይጠይቅ እንደነካ አምኗል፤ ይህን ካልጻፍኩ ሕግ አይባልም። ከተጻፈ እሱም አይሄድም። ፈቅደህለት ነበር?”

ጌናዲ ወደ ኦራዝ ቀና አላለም። ጓንቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ይደላድለዋል። ሁለቱ ከጥቅምት እስከ ዛሬ አንዲት ቃል እንዳልተለዋወጡ ጎጆዋ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

“ፈቅጄለት ነበር” አለ ኦራዝ።

ኬንጄባይ ከመነጽራቸው በላይ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ “ተፈቅዶለት ነበር” ብለው ጻፉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስታና ላይ ለክበቡ የበረረው ጌናዲ ነው፤ ከአሥራ ዘጠኝ ሰዎች ስድስተኛ ወጣ። ባትሪዎቹን ከሸሚዙ ሥር አሙቆ ከጎኑ የቆመው ኦራዝ ነበር። ጌናዲ ግን እያንዳንዱን ባትሪ ከኦራዝ እጅ ተቀብሎ፣ ራሱ እንደገና ቮልቱን ለክቶ ነው የገጠመው።