እትዬ ደቦራ ዝም ሲሉ

እትዬ ደቦራ ባዶውን ወንበር ሦስት ጊዜ አስጠረጉት። ሱንዱስ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ፣ በሦስተኛው በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። ማንም እንደማይቀመጥበት ታውቃለች። የጨነቃት ሌላ ነው፤ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ የቆመው ወንበር መቀመጫው ሞቅ ይል ነበር፣ አሁን ሰው እንደተነሣበት።

እጇን ቶሎ አነሣች።

እትዬ ደቦራ ለንደን ውስጥ አርባ ዓመት መድረክ ላይ የኖሩ ተዋናይ ናቸው። በቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ዳኛ ሆነው ስለፈረዱ፣ አሁን በሚኖሩበት አገር፣ ቤልትላይን በሚባለው ሰፈር ባለው የአረጋውያን ቤት ቁርስ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ክስ ያቀርብላቸዋል። አንድ ሽማግሌ የማይደውልላቸውን ልጃቸውን ቢከሱት፣ ዳቧቸው ላይ ቅቤ እየቀቡ ስድስት ወር ፈረዱበት። «እትዬ» ያለቻቸው የሱንዱስ እናት ጠይባ ናት፤ እዚያው አረጋውያኑን የምትንከባከብ ኬር ኤይድ ነች። ሱንዱስ ራሷ ለትምህርት ቤቷ የቮለንቲር፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሰዓት ልትሞላ መጥታ ነው እንደዋዛ የቀረችው።

ሰሞኑን ግን እትዬ ደቦራ ሁለት ጊዜ ካፖርታቸውን ደርበው፣ መጋረጃው ሊከፈት ነው እያሉ፣ ውጭ በረዶው ላይ ተገኙ። ሠራተኞቹ በሩ በኮድ ወደሚከፈተው አምስተኛ ፎቅ ይዛወሩ አሉ። እሳቸውም ልጃቸውን ጆኒን ጠርተው ተወራረዱ፦ ከድሮ ቴአትራቸው ያንን ረጅም ንግግር ሳይሳሳቱ ከጨረሱ ክፍላቸውን አይለቁም። አእምሮ ማለት ቃለ ተውኔት ማስታወስ የሚመስለው ለተዋናይ ብቻ ነው።

ሱንዱስ አስታዋሽ ተደረገች። ጽሑፉን ይዛ ጎን ላይ ትቀመጣለች፤ ሲጠፋባቸው ቃሉን በሹክሹክታ ታቀብላለች። ከባዱ ዝምታው ነው። አንዳንዱ ዝምታ ትወና ነው፣ አንዳንዱ መርሳት። ዝምታቸውን ብትነጥቃቸው እንደማይምሯት አስጠንቅቀዋታል። ንግግሩ ወንዝ ለወሰዳት እኅት ነው። በቴአትሩ እኅቲቱን ሆና በዚህ ባዶ ወንበር ቦታ ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛቸው ከሞተች ሃምሳ ዓመት ሆኗታል። እትዬ ደቦራ ግን ሰሞኑን ሻይ ሲጠጡም ያዋሯታል።

ኮሪደር ላይ ጠይባ ልጇን ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንዳትሸፍኚላቸው። በዚያ በር ወጥተው ቢቀሩ አላህ ፊት ምን እላለሁ?»

ሱንዱስ እናቷም የመኪና ቁልፏን ፍሪጅ ውስጥ እንደምትረሳ፣ እሷንም አምስተኛ ፎቅ ማስገባት እንደሚሻል ነገረቻት። ሌላ ቀን ቢሆን ጠይባ ትስቅ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ጆኒ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ከኋላው ሃያ የሚሆኑ አዛውንት። ውጭ ከተራራው የወረደው ሞቃት ነፋስ፣ ሺኑክ፣ በረዶውን ከጣሪያው ላይ እየላጠ ይጥላል። እትዬ ደቦራ ጀመሩ። ድምፃቸው ከዚያ ከሲታ ደረት የወጣ አይመስልም። መሐል ላይ ዝም አሉ። ሱንዱስ በልቧ እስከ ዘጠኝ ቆጠረች፤ ጆኒ ተቁነጠነጠ። አላቀበለቻቸውም። በአሥረኛው ቀጠሉ፣ ከኋላ አንዲት አሮጊት አፍንጫዋን ጠረገች።

አንድ ቃል ሳይስቱ ጨረሱ። ጆኒ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ሱንዱስ ወደ እናቷ ዞራ ቅንድቧን አነሣች፣ አየሽ ወይ በሚል።

እትዬ ደቦራ ግን አላቆሙም። ወንበሩን አንድ ነገር ጠየቁት። ጠበቁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው ሳቁ፤ መለሱም። እንደገና ጠበቁ። ሱንዱስ ወረቀቱን ገለበጠች። ጀርባው ባዶ ነው።

ጭብጨባው ሳሳ፣ ቀረ። ጆኒ ወደ ሱንዱስ ጎንበስ አለ።

«ይሄም አለበት?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ጠይባ በሩ ላይ ቆማለች፤ አትቆጣም፣ አትለምንም፣ ታያለች ብቻ። ሱንዱስ የዚያ መቀመጫ ሙቀት እጇ ላይ ተሰማት። በረዶው ላይ የቆመ ካፖርትም ታያት። ወረቀቱን ሰጠችው።

ጆኒ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበ።

እትዬ ደቦራ ዝም አሉ። ይሄኛው ትወና አልነበረም፤ ለማወቅ መቁጠርም አላስፈለጋት። ዓይናቸው ከወንበሩ ላይ ተነሥቶ ግድግዳውን፣ መብራቱን፣ አሁን የማያውቋቸውን ሃያ ፊቶች ዞረና ሱንዱስ ላይ አረፈ።

«ቃሌን አቀብዪኝ» አሉ።

እጇ ባዶ ነው። ጽሑፉ ጆኒ ዘንድ ነው፣ የሚፈልጉት ቃል ደግሞ ጽሑፉም ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ወንበሯን አስጠግታ፣ እንዳስተማሯት ከትንፋሿ ጋር አቀበለቻቸው።

«ፈርቻለሁ።»

እትዬ ደቦራ የሚያውቁት መስመር እንደሆነ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትከሻቸውን አቀኑ። ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ፈርቻለሁ፣ ጆኒ።»

ስሙን ያቀበለቻቸው ሱንዱስ አልነበረችም።