የጠፍጣፋዎቹ ዓሦች ፍቺ

ሙዚየሙ ውስጥ እሱን «ከፋፋዩ» ይሉታል፤ እኔን «አስታራቂዋ»። አልኮል ውስጥ የተነከሩ ዓሦች በየጠርሙሱ በተደረደሩበት አንድ ጠባብ ክፍል አብረን እንሠራለን። ሁለት ዓሣ ስናይ ለእሱ ልዩነታቸው፣ ለእኔ ዝምድናቸው ይታየናል። ስንነታረክ እንውላለን፤ ያለዚያ ንትርክ ደግሞ ቀኑ አይመሽልኝም። እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ! እሱ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ዘንድሮ ጠፍጣፋ ዓሦቼ ላይ መጣ። እነዚህ ዓሦች ሲፈለፈሉ ዓይናቸው ግራና ቀኝ ነው፤ ሲያድጉ አንደኛው ዓይን ተጉዞ ከሌላኛው ጎን ይቀመጣል። ሁሉንም በአንድ ክፍለ መደብ አስቀምጫቸዋለሁ።

«እነዚህ ጥርሳሞቹ ከሌሎቹ ጋር አይሄዱም» አለኝ ጠርሙስ አንሥቶ። «የጀርባ ክንፋቸው ከጭንቅላታቸው ኋላ ነው የሚጀምረው፤ የሌሎቹ እኮ እስከ ዓይናቸው ይደርሳል። ተጓዡ ዓይናቸውም አናታቸው ላይ ቀርቷል። ለብቻቸው ክፍለ መደብ ይሁኑ።»

«ዓይኑ መንገድ ላይ ስለቀረ ከቤተሰብ ይባረር? አንተ ደግሞ ነገር ስትሰነጥቅ!»

ጉዳዩ የዓሣ ብቻ አልነበረም። ከተለያዩ፣ ጥርሳሞቹ ፎቅ ላይ ወዳለው ሌላ የሥራ ክፍል ይዛወራሉ፤ እሱም ኃላፊያቸው ሆኖ አብሯቸው ይሄዳል። ሊሸሸኝ ነው አልኩ በልቤ።

አለቃችን ውሳኔውን ለእኔ ተወችው። «ሌሎች ሙዚየሞች ገና እየተከራከሩበት ነው፤ የእኛን መደርደሪያ ግን አንቺ ወስኚ» አለችኝ። አጥንቱን በአጉሊ መነጽር፣ የዘር ምርመራውን በኮምፒውተር ደጋግሜ አየሁ። በሐሳቡ እንከን ፈለግሁ፤ አጣሁ። በሰው እቀልዳለሁ፣ በዓሣ ግን አልቀልድም።

«ይለያዩ» ብዬ ፈረምኩ። «በል ዕቃህን ሰብስብ፤ ደስ ይበልህ!» ወረቀቱን ገፋሁለት።

እሱ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረውም። «አንቺ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ አታውቂም? በአንድ የሥራ ክፍል ያሉ ሰዎች መጋባት አይችሉም።»

«ማን ሊጋባ ነው?»

«እኔና አንቺ፤ እሺ ካልሽ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ንዴቴ መጣ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ዘጋህ? አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽማ ለእኔ ብለሽ ትፈርጂ ነበር። በኋላ ፍርድሽን ራስሽ አታምኚውም።»

እንደ ልማዱ ልክ ነበር። በጣም ተናደድኩ፤ እሺ አልኩት።