ያልጸዳው ጂን

አለቃዬ የእህቴ ባል ነው። ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው፤ ውለታውን ሳያስታውሰኝ ውሎ አያውቅም።

ቤተ ሙከራችን በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ የሰውን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ እየከተተ ፕሮቲን ያሠራል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የእኛና የባክቴሪያ ሕዋስ ግን ለየቅል ናቸው። የእኛው ዲኤንኤውን ኑክለስ በሚባለው የሕዋሱ እምብርት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ጂኑም መሀል መሀሉ ላይ ለፕሮቲኑ የማይሆን ቁራጭ አለበት። ሕዋሳችን የጂኑን ቅጂ ከዚያ ቁራጭ ቆርጦ አጽድቶ ነው ለሥራ የሚያወጣው። ባክቴሪያ ምስኪኗ ኑክለስም የላት፣ መቀስም የላት። ቀለበት የመሰለ ዲኤንኤዋን ይዛ የሰጧትን እንዳለ ታነባለች። ስለዚህ የጸዳውን ቅጂ ነው የምንሰጣት።

የዚያን ዕለት አለቃዬ ቱቦውን ራሱ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ሰጠኝ። የላዩን ጽሑፍ ሳየው በቀጥታ ከሰው ዲኤንኤ የተወሰደው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያልጸዳው ነው» አልኩት።

«እኔ ያዘጋጀሁትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? የኩባንያው ሰዎች ሊመጡ ነው፣ ቶሎ በይ።»

«ቆይ ልፈትሸው።»

«ሥሪ አልኩሽ!»

ምን ላድርግ? ከተትኩት። ባክቴሪያዎቹም ከነትርፍራፊው አነበቡት። የወጣው ፕሮቲን ቁርጥራጭ፣ ለምንም የማይሆን ነበር። የኩባንያው ሰዎች ፊታቸው ጠቆረ። ጥፋተኛው ካልተሰናበተ ውሉን እናፈርሳለን አሉ። አለቃዬ ዓይኑን በጨው ታጥቦ እኔን ጠቆመ።

እህቴ ቤት ሄድኩ። የልጆቿን ዩኒፎርም እየተኮሰች ነበር። ሁሉንም ዘከዘክሁላት። እሷ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ይህንኑ ልዩነት ነው ክፍል ገብታ የምታስተምረው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ካውያውን አቆመችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ቱቦውን እንደተሳሳተ ራሱ ነግሮኛል።»

«በይ እንግዲያው ነገ አብረን ሄደን ንገሪልኝ።»

ሸሚዙን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

«አንቺ ልጅ የለሽም» አለችኝ። «ሌላ ሥራ አታጪም። ጥፋቱ የኔ ነው በያቸው፣ እህቴ።»

«እውነቱን እያወቅሽ?»

«ስለማውቅ እኮ ነው የምለምንሽ።»

በማግስቱ ጋዋኔን አስረክቤ ወጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነውም አላልኩ፣ አይደለምም ብዬ አልተከራከርኩ። እህቴ ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳሁም። ሥራስ ሌላ ይገኛል። እኔ ግን እህት ነበረችኝ።