የታጠነው ጭምብል

ቶለሳ የመጀመሪያውን ጭምብል በጋዜጣ ጠቅልሎ ዊንጌት አጠገብ ወዳለው ቤቱ ያመጣ ዕለት፣ ሚስቱ ገበያነሽ በር ላይ አቁማ ቃል አስገብታዋለች። ይሰቀል፣ ግዴለም፤ ግን ሻማ የለም፣ ዕጣን የለም፣ ጢስ የሚባል ነገር አጠገቡ አይጨስም። ጸሎተኛ ሴት ናትና ቤቷ ጣዖት ገባ እንዲባልባት አትፈልግም። ቶለሳም እሺ አለ።

እሱ ለአፍሪካ ዲፕሎማቶች ሾፌር ነበር። አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ «ምን ልተውልህ?» ሲለው፣ ሌላው ሾፌር ሬዲዮ ሲጠይቅ እሱ ጭምብል ይጠይቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ሆኑ። ጦረኞች ለዘመቻ ሲነሡ ፊታቸው ላይ የሚያጠልቋቸው ናቸው ብለውታል። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ጉንጩ ላይ ሦስት ሰንበር ያለውን ትልቁን ነው። ከሥራ ሲገባ፣ «እንዴት ዋልክ፣ ጀግናው?» ይለዋል።

ገበያነሽ ከጓዳ ሆና፣ «እኔስ እንዴት እንደዋልኩ የሚጠይቅ አለ?» ትላለች።

እንግዲህ በደርግ ጊዜ፣ የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ምእመናኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ቤት ተደብቀው በሚጸልዩበት ወራት፣ ከትልቁ ጭምብል ሥር በየማለዳው ዱቄት ይራገፍ ጀመር። ነቅዟል። ቶለሳ ዱቄቱን ይጠርግና ዝም ይላል። ምሳውን ጀምሮ ይተወዋል።

ገበያነሽ መድኃኒቱን ታውቃለች። እናቷ የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ስታጥን እያየች ነው ያደገችው፤ የታጠነ እንጨት ነቀዝ አይደፍረውም። ቶለሳም የከብት አገር ልጅ ነው፣ ያውቃል። ግን ቃል ገብቷል፤ አንድ ቀን እንኳ «ብናጥነውስ?» አላላትም። አንጀቷን የበላው ይኸው ዝምታው ነው።

አንድ ቅዳሜ እሱ ሥራ ሲወጣ ጭምብሉን አወረደችና ማድ ቤት ገባች። የወይራ ፍልጥ ከሰሉ ላይ አድርጋ፣ ጭምብሉን በሁለት እጇ ጢሱ ላይ ያዘችው። ይሄኔ የጸሎቱ ሽማግሌ ጋሽ የሺጥላ፣ ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በር ከች አሉ።

«ገበያነሽ፣ ምን እያየሁ ነው?»

ማኅበሩ ሁሉ ፊቱን ቢያዞርባትስ?

«ነቅዞ ነው፣ ጋሼ። የባሌ ነው። ሲበላበት እያየሁ አላስችል አለኝ።»

«ጸልየሽለታል?»

«ለምኑ? ለእንጨት?»

«ሰግደሽለታልስ?»

«ጎንበስ ያልኩትማ እሳቱን እፍ ልል ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ጠጋ ብለው አዩት። «ነቀዙ የገባው በጀርባው ነው፤ አንቺ ፊቱን ታጥኛለሽ። ገልብጪው።» ኮታቸውን አውልቀው የጭምብሉን አንድ ጫፍ ያዙላት።

ቶለሳ አለቃው ቶሎ አሰናብቶት ሲመለስ፣ ሁለቱን ዐይናቸው በጢስ አቅርሮ፣ ጀግናውን እንደ ጨቅላ ሕፃን ይዘው አገኛቸው። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ጢስ የለም ተባብለን አልነበር? እኔ እኮ ጭምብሎቹ አጠገብ ክብሪት እንኳ ጭሬ አላውቅም።»

«ቃል የገባኸው አንተ ነህ። እኔ ለማን ገባሁ?» አለችው። «በል ቆመህ አትየኝ። የጋሼ እጅ ዝሏል፣ ተቀበላቸው።»

ተቀበላቸው። ጭምብሉን ግን ገና አላየውም ነበር፤ የሚያየው እሷን ነው። ያን ቀን ጸሎቱ ላይ ሦስቱም ወይራ ወይራ ይሸቱ ነበር።